የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሰንቡላ በታች ያለው የኮከቦች መፍለቂያ

ባለፈው እትማችን የኋላ ሽፋን ላይ ያወጣነው የሜሲዬ 83 ጋላክሲ ፎቶግራፍ ከወሎ ልዩ ልዩ ወረዳዎች በርካታ ደብዳቤዎችን አስከትሎልናል። ፎቶግራፉን ላላዩ አንባቢያን ያህል፣ ጋላክሲ ማለት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ኮከቦች፣ ጋዝና አቧራ በስበት ኃይል ተሳስረው በአንድነት የሚዞሩበት ግዙፍ ስብስብ ነው። ሜሲዬ 83 ከእኛ ወደ 15 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ርቆ የሚገኝ፣ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ጋላክሲ ሲሆን፣ በመሃሉ ኮከቦች እንደ ዘንግ ረዝመው ተሰባስበውበታል፤ ከዘንጉ ሁለት ጫፎችም ጥምዝ ክንዶች ይነሣሉ። ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው መልስ ከሌሎቹ ረዝሟል፤ ጥያቄው ራሱ ብዙ ነገር ስለያዘ ላሳጥረው አልፈለግሁም።

ጥያቄ፦ የምኖረው በደላንታ፣ ወገል ጤና ሲሆን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ኦፓል ቆፋሪ ነው። የጋላክሲውን ፎቶግራፍ ሳሳየው «ይኼማ የእኛ ድንጋይ ነው» አለኝ፤ እውነትም ሰማያዊው፣ ሮዙና ቢጫው ተቀላቅሎ ሲታይ ድንጋዩን ይመስላል። ቀለሙ እውነተኛ ነው ወይስ በኮምፒውተር የተቀባ? ከፎቶግራፉ ሥር «ኮከቦች በብዛት የሚወለዱበት ባለ ዘንግ ጋላክሲ» ይላል። ኮከብ የሚወለደው እንዴት ነው? ዘንጉስ ከመወለዳቸው ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ እህታችን፣ ወንድምሽ የተናገረው ነገር መልሱን ከየት እንደምጀምር አመላክቶኛል፤ ምክንያቱም ድንጋዩና ጋላክሲው በቀለማቸው ባይገናኙም በተሠሩበት ነገር ሥጋ ዘመዶች ናቸው። ከቀለሙ ልነሣ።

በወገል ጤና ኦፓል ውስጥ ማቅለሚያ የሚባል ነገር የለም። ድንጋዩ ሲሊካ ነው፤ ማለትም ሲሊከንና ኦክስጅን የተዋሐዱበት፣ ጥቂት ውኃም ያለበት ነገር ነው። ሲሊካው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሱ ድብልብል ቅንጣቶች ሆኖ፣ ገበያ ላይ እንደተደረደረ ብርቱካን በረድፍ በረድፍ ተቀምጧል። ብርሃን በእነዚህ ረድፎች መካከል ሲያልፍ አንዱ ቀለም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌላው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወጣል። ወንድምሽ ድንጋዩን በጣቶቹ መካከል ሲያገላብጠው አረንጓዴ የነበረው ነጥብ ወደ ቀይ የሚለወጠው ለዚህ ነው። ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሲጥለው ደግሞ ውኃው በድንጋዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ የቀለሙን ጨዋታ ያደበዝዘዋል፤ ድንጋዩም እንደ መስታወት ይጠራል፤ ወጥቶ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ይህን በዓይንሽ ሳታይው አልቀረሽም ብዬ እገምታለሁ።

የጋላክሲው ቀለም እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ምንጭ አለው፤ ከየትም አቅጣጫ ቢታይ ምንጩ ያው ነው። በክንዶቹ ላይ የተበተነው ሰማያዊ ብርሃን ገና በልጅነት ዕድሜ ላይ ካሉ፣ ከፀሐያችን በብዙ እጥፍ ከሚከብዱና ከሚግሉ ኮከቦች የሚመጣ ነው። በሰማያዊው መካከል እንደ ፍም ጣል ጣል ያሉት ሮዝ ነጥቦች፣ በእነዚህ ኮከቦች ጨረር ተመትቶ የሚያበራ የሃይድሮጅን ጋዝ ናቸው። በመሃሉና በዘንጉ ላይ ያለው ወርቃማ ቢጫ የቆዩና ከልጆቹ ኮከቦች ይልቅ ቀዝቀዝ ያሉ የብዙ ኮከቦች ብርሃን ነው። ቡናማና ጥቁር ሆነው የሚታዩት መስመሮች ከበስተኋላቸው ያለውን ብርሃን የሚጋርዱ የአቧራ ደመናዎች ናቸው። እንግዲህ ቀለሙ በዘፈቀደ የተቀባ አይደለም፤ ነገር ግን ያላንዳች ሥራ የተገኘም አይደለም። የቴሌስኮፑ ካሜራ አንድ በአንድ በተለያዩ ማጣሪያ መስታወቶች አማካይነት ጥቁርና ነጭ ምስሎችን ያነሣል፤ ባለሙያዎቹም ለእያንዳንዱ ምስል ከማጣሪያው ጋር የሚስማማ ቀለም ሰጥተው አንዱን በሌላው ላይ ይደርቡታል። የሃይድሮጅኑን ቀይ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው ማጣሪያ ያነሣው ምስል ቀይ ወይም ሮዝ እንዲሆን ይደረጋል ማለት ነው።

ወደ ጋላክሲው ቀርበን በራሳችን ዓይን ብናየውስ? ያኔም ቢሆን ይህን ቀለም አናይም፤ ብርሃኑ ለዓይናችን የቀለም ሕዋሳት እጅግ ደካማ ነው። ጀንበር ጠልቃ ቤት ውስጥ መብራት ሳይበራ የእናትሽን ነጠላ ጥለት ልብ ብለሽ ተመልከቺ፤ ቀን ላይ ደማቅ ቀይ የነበረው ጥለት ግራጫ ይሆናል፤ ነጠላው ግን በደንብ ይታያል። ካሜራው ከእኛ የሚበልጠው ረጅም ሰዓት ብርሃን እያጠራቀመ ሊቆይ በመቻሉ ነው።

አሁን ወደ መወለዱ እንምጣ። ኮከብ የሚወለደው ከቀዝቃዛ ጋዝ ነው፤ ይህን የሰማ ሁሉ በመጀመሪያ ይገረማል። በጋላክሲ ክንዶች ውስጥ ከዜሮ በታች ወደ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዙ የሃይድሮጅን ደመናዎች አሉ። ጋዝ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ስበትንም ይቋቋማል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ኃይሉ ይደክምና በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ መሰብሰብ ይጀምራል። በተሰበሰበ ቁጥር መሃሉ ይጨናነቃል፣ ይሞቃልም፤ ሙቀቱ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሃይድሮጅን አስኳሎች እየተዋሐዱ ሂሊየም መሆን ይጀምራሉ፣ ከዚህም የሚወጣው ኃይል የጋዙን መውደቅ ይገታዋል። ኮከቡ ተወለደ የምንለው ያኔ ነው። አንድ ትልቅ ደመና አንድ ብቻ ሳይሆን በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ኮከቦችን በአንድ ጊዜ ይወልዳል፤ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ከፀሐይ ያነሱ ሲሆኑ ጥቂቶቹ ግን ግዙፎች ናቸው።

ታዲያ ጋዝ በየጋላክሲው ካለ፣ በሜሲዬ 83 መሃል መወለዱ ለምን እንዲህ በረታ? እዚህ ላይ ነው ዘንጉ የሚመጣው። በጋላክሲ ውስጥ የሚዞር ጋዝ፣ አንዳች ነገር ካልገታው፣ በምሕዋሩ ላይ ሲዞር ይኖራል እንጂ ወደ መሃል አይወድቅም፤ ምድር ወደ ፀሐይ እንደማትወድቅ ማለት ነው። ዘንጉ ግን ክብ ስላልሆነ ስበቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ ሲዞርም በዙሪያው ያለውን ጋዝ አንዴ ወደፊት እየጎተተ፣ አንዴ ወደኋላ እየያዘ ሰላማዊ ዙረቱን ያውከዋል። ኮከቦች በመካከላቸው ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ስለሆነ እርስ በርስ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። የጋዝ ደመናዎች ግን ይጋጫሉ፣ በዘንጉ ፊት ለፊት ጠርዝ ላይ ይጨናነቃሉ፣ የዙረት ጉልበታቸውንም ያጣሉ፤ ጉልበቱን ያጣ ጋዝ ደግሞ መሄጃው ወደ መሃል ነው። በፎቶግራፉ ላይ ዘንጉን ተከትለው ወደ መሃል የሚወርዱትን ሁለት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ተመልከቺ። የዚህ ጋዝና አቧራ መንገዶች እነርሱ ናቸው። በመስኖ ቦይ የሚወርድ ውኃ ማሳው ሥር ሲደርስ እንደሚተኛ ሁሉ፣ ጋዙም በሜሲዬ 83 አስኳል ዙሪያ ተከማችቶ በጠባብ ቦታ ውስጥ ኮከቦችን በፍጥነት ይወልዳል። በንጽጽር ለማየት፣ የእኛው ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ በጠቅላላው በዓመት የሚወልዳቸው ኮከቦች ተደምረው ክብደታቸው ከአንድ ወይም ከሁለት ፀሐይ አይበልጥም።

የግዙፎቹ ኮከቦች ዕድሜ ደግሞ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ፀሐይ በአጠቃላይ ወደ 10 ቢሊዮን ዓመት የምትኖር ሲሆን፣ ከፀሐይ 20 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ግን ነዳጁን እጅግ በፍጥነት ስለሚያቃጥል ዕድሜው 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ነው። የሜሲዬ 83 ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 15 ሚሊዮን ዓመት እንደፈጀበት አስታውሺ። እንግዲህ በፎቶግራፉ ላይ ደምቀው የምታያቸው እጅግ ግዙፍ ሰማያዊ ኮከቦች ዛሬ አንዳቸውም በሕይወት የሉም። የልጅነታቸው ብርሃን ገና መንገድ ላይ ሳለ እነርሱ አርጅተው ፈንድተዋል።

ይህ ፍንዳታ ሱፐርኖቫ ይባላል፤ ሜሲዬ 83 በሱፐርኖቫ ስሙ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923፣ በ1945፣ በ1950፣ በ1957፣ በ1968 እና በ1983 የታዩ ስድስት ሱፐርኖቫዎች ተመዝግበውበታል። በእኛ ጋላክሲ ውስጥ ሰዎች በዓይናቸው ያዩት የመጨረሻው ሱፐርኖቫ የ1604ቱ መሆኑን ስታስቢ ልዩነቱ ይገባሻል፤ እርግጥ በእኛ ጋላክሲ የሚፈነዱትን አብዛኞቹን አቧራ ይጋርድብናል። የ1968ቱን ያገኘው ጃክ ቤኔት የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ የሰማይ ወዳጅ ነበር። የ1983ቱን ያገኘው ደግሞ ሮበርት ኢቫንስ የተባለ አውስትራሊያዊ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሲሆን፣ የብዙ ጋላክሲዎችን መልክ በቃሉ አጥንቶ ስለያዘ አዲስ ነጥብ ብቅ ሲል ወዲያው የሚለይ ሰው ነበር። ሁለቱም በዓይናቸው ቴሌስኮፕ ውስጥ እየተመለከቱ ያገኙ እንጂ ትልቅ ጣቢያና ኮምፒውተር የነበራቸው አልነበሩም። ይህን የምነግርሽ ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ወንድምሽ ድንጋይ ልመለስ። ዓለም ስትጀመር የነበረው ሃይድሮጅንና ሂሊየም፣ ከእነርሱም ጋር እጅግ ጥቂት ሊቲየም ብቻ ነበር፤ ኦክስጅንም ሲሊከንም አልነበረም። ኦክስጅን በአብዛኛው በግዙፍ ኮከቦች ሆድ ውስጥ ተሠርቶ ሲፈነዱ የተበተነ ነው፤ ሲሊከንም እንዲሁ በግዙፍ ኮከቦች የመጨረሻ ዘመንና በፍንዳታዎች ውስጥ ይሠራል። የተበተነው ነገር ከአካባቢው ጋዝ ጋር ይቀላቀልና ከዚያ ጋዝ ሌላ ኮከብ፣ በኮከቡም ዙሪያ ዐለታማ ምድር ይሠራል። የደላንታ ኦፓል ከሜሲዬ 83 የመጣ ነው ማለቴ አይደለም፤ ያ ስሕተት ይሆናል። በእናንተ ድንጋይ ውስጥ ያለው ሲሊከንና ኦክስጅን ፀሐይና ምድር ከመወለዳቸው በፊት፣ ማለትም ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ በእኛው ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ከሞቱ ኮከቦች የተረፈ ነው። ነገር ግን ያ ሥራ እንዴት እንደተሠራ በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው ሜሲዬ 83ን ይመለከታል፤ በዚያ ጋላክሲ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ የሱፐርኖቫ ቅሪቶች ተለይተዋል፣ ሲሊከንና ኦክስጅንም ወደ ዙሪያ የሚረጨው እንዲህ ባሉ ፍንዳታዎች ነው። ወንድምሽ «የእኛ ድንጋይ ነው» ማለቱ በዚህ በኩል እውነት አለው።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሁለት ነገር ጠይቀውኝ መልሴ አላረካቸውም። አንደኛ፣ ማንም ሜትር ይዞ ያልሄደበትን 15 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በምን ለኩት? ሁለተኛ፣ ጋላክሲው ከመሃሉ እስከ ዳሩ እየዞረ ከሆነ ክንዶቹ እንደ ክር ተጠምጥመው ለምን አልጠፉም?

መልስ፦ መምህር፣ የመጀመሪያውን በአጭሩ ልመልስልዎ። ሴፊይድ የሚባሉ፣ ብርሃናቸው በተወሰነ የቀን ብዛት እየደመቀና እየደበዘዘ የሚመላለስ ኮከቦች አሉ። አሜሪካዊቷ ሄንሪየታ ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣችው ጽሑፍ የምልልሱ ጊዜ በረዘመ ቁጥር ኮከቡ በተፈጥሮው ደማቅ መሆኑን አሳየች። ስለዚህ የምልልሱን ቀን የቆጠረ ሰው የኮከቡን እውነተኛ ድምቀት ያውቃል፤ ከዚያም ምን ያህል ደብዝዞ እንደሚታየን ሲያይ ርቀቱን ያሰላዋል። የሚያውቁት አምፖል ከሩቅ ሲታይ ድብዝዝ ማለቱን አይተው ርቀቱን እንደሚገምቱት ማለት ነው። በቺሊ በሚገኘው ግዙፉ የአውሮፓውያን ቴሌስኮፕ በሜሲዬ 83 ውስጥ እንዲህ ያሉ ኮከቦች ተገኝተው ተቆጥረዋል፤ የ15 ሚሊዮኑ የብርሃን ዓመት ስሌትም በእነርሱ ላይ ያርፋል።

ተማሪዎችዎ የዚህን ቁጥር ክብደት እንዲያዩት ከፈለጉ ከክፍላቸው መስኮት ውጭ ያለውን የጦሳን ተራራ ያሳዩአቸው። የወሎ ደጋ የተሠራበት ጥቁር ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከምድር ሆድ ገንፍሎ የፈሰሰ ነው። ዛሬ ማታ የሚደርሰን የሜሲዬ 83 ብርሃን ከቤቱ ሲነሣ ያ ባዛልት ከፈሰሰ ወደ 15 ሚሊዮን ዓመት ሆኖት ነበር። በቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ደግሞ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ስለሆነች፣ እርሷ በዚያ ስትመላለስ ብርሃኑ ከአምስት እጅ አራቱን መንገድ ጨርሶ ወደ እኛ እየገሰገሰ ነበር። እኔ ራሴ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ከሠራሁ በኋላ ነው የርቀቱ ነገር የገባኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትን ራሳቸውን ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀ ነው፤ ተማሪዎችዎ እዚህ ላይ መድረሳቸው ያስመሰግናቸዋል። አውድማ ላይ የሚያበራዩ በሬዎችን ያስቡ። ጎን ለጎን ተቆራኝተው ሲዞሩ የውስጡ በሬ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ የዳሩ በሬ ደግሞ መስመሩን ላለማጣት ይሮጣል። አሁን ማሰሪያው ተፈትቶ ሁሉም በአንድ ዓይነት እርምጃ ይሂዱ እንበል፤ የውስጡ በሬ አንድ ዙር ሲጨርስ የዳሩ ገና ሩቡን ባልሄደም ነበር፣ ቀጥ ያለው ረድፍም ከጥቂት ዙር በኋላ ተጠምዝሞ ይቀራል። የጋላክሲ ኮከቦች በአብዛኛው እንደ ተፈቱት በሬዎች ናቸው፤ ውስጥም ዳርም ያሉት ፍጥነታቸው ተቀራራቢ ነው። ፀሐይ በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ አንድ ዙር ለመጨረስ ወደ 230 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅባታል፤ ጋላክሲዎች ደግሞ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ የኖሩ ናቸው። ክንዱ ሁልጊዜ ከእነዚያው ኮከቦች የተሠራ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዘመን ሁሉ አርባና ሃምሳ ጊዜ ተጠምጥሞ ፈጽሞ ባልታየን ነበር።

መልሱ፣ ክንዱ የእነዚያው ኮከቦች ቋሚ ንብረት አይደለም የሚል ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጡ የከበደ የጭነት መኪና ከፊት ካለ ከኋላው ረጅም ሰልፍ ይሠራል። ከተራራው ማዶ ሆኖ የሚመለከት ሰው ሰልፉ በዝግታ ሲወጣ ያያል፤ ነገር ግን ቦታ ያገኘ መኪና ቀድሞ ይሄዳል፣ ከኋላ ደግሞ ሌላ ይደርሳል፤ ሰልፉ ያው ነው፣ መኪኖቹ ግን ይለዋወጣሉ። የጋላክሲ ክንድም እንዲህ ያለ የመጨናነቅ ሞገድ ነው፤ ኮከቦችና ጋዝ ይገቡበታል፣ ይዘገያሉ፣ ይወጣሉ። ሲ. ሲ. ሊን እና ፍራንክ ሹ የተባሉ ሊቃውንት ይህን ሐሳብ በሒሳብ አስደግፈው ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በእኔ እምነት የዚህ ሐሳብ ትልቁ ብርታት የክንዶቹን ቀለም ጭምር ማስረዳቱ ነው፦ ጋዙ ወደ ሰልፉ ሲገባ ይጨመቃል፣ ሲጨመቅ ኮከቦች ይወልዳል፤ ሰማያዊዎቹ ግዙፎች ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ ከሰልፉ ብዙም ሳይርቁ ይሞታሉ፤ ክንዱ ሰማያዊና ሮዝ የሚሆነውም ለዚህ ነው። እንደ ፀሐይ ያሉት ረጅም ዕድሜ ያላቸው ግን ክንዱን አልፈው በጋላክሲው ሁሉ ይበተናሉ። የሁሉም ጋላክሲ ክንድ እንዲህ ረግቶ ይኖራል ማለት አይደለም፤ በአንዳንዶቹ ክንዶቹ እየፈረሱ እንደገና የሚሠሩ ናቸው። እንደ ሜሲዬ 83 ባሉ ባለ ዘንግ ጋላክሲዎች ግን የሚዞረው ዘንግ ራሱ ሞገዱን እየገፋ እንደሚያቆየው ይታሰባል።

ጥያቄ፦ በላስታ፣ ከላሊበላ አጠገብ የምኖር፣ ቅኔና ባሕረ ሐሳብ የተማርኩ ሽማግሌ ነኝ። ይህ ጋላክሲ ከ12ቱ ከዋክብት በየትኛው ይገኛል? እኛ ካለንበት ሆኖ ማየትስ ይቻላል? የእኛ ፍኖተ ሐሊብስ እንደዚህ ዘንግ አለው ይባላል?

መልስ፦ አባታችን፣ ከሐመል እስከ ሑት ካሉት 12ቱ ውስጥ በአንዳቸውም አይገኝም፤ ነገር ግን መንገዱን የሚያሳየን ከእነርሱ አንዱ ነው። ጋላክሲው ያለው ፈረንጆች ቪርጎ ከሚሏት ከሰንቡላ በስተደቡብ፣ ፈረንጆች ሃይድራ በሚሉት ረጅም የእባብ ምስል ጅራት ላይ ነው።

ማየት ይቻላል፤ እንዲያውም የላስታ ሰው በዚህ ረገድ ከፓሪስ ሰው እጅግ የታደለ ነው። ጋላክሲውን መጀመሪያ የመዘገበው ኒኮላ ሉዊ ደ ላካይ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ይህን ያደረገው ግን በአገሩ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1752 በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ በኬፕ ሆኖ ነው። በዚያ ጋላክሲው ከአናት በላይ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። ከ29 ዓመት በኋላ ሻርል ሜሲዬ የተባለ፣ እንዲህ ያሉ ጭጋግ መሰል የሰማይ አካላትን በመዝገብ ያሰፈረ ሌላ ፈረንሳዊ ከፓሪስ ሆኖ ሲፈልገው እጅግ ተቸግሯል፤ ከዚያ ሲታይ ከአድማስ በላይ የሚነሣው 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ነውና በጭጋግና በጭስ ውስጥ ማየት ነበረበት። ይሁን እንጂ በመዝገቡ 83ኛ አድርጎ አስገባው፣ ስሙም ከዚያ ቀረ። በላሊበላ ግን ጋላክሲው ወደ 48 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ይህም ከአድማስ እስከ አናት ካለው ርቀት ከግማሽ በላይ ነው። የላሊበላ አካባቢ ተራሮች በከፍታቸውና በሌሊታቸው ጨለማ ምክንያት ለትልቅ ቴሌስኮፕ የሚሆን ቦታ ሲፈለግ መጠናታቸውም ያለ ነገር አይደለም።

በዓይን ብቻ አይታይም፤ ባይኖኩላር ያስፈልጋል። ጊዜው ግንቦት ነው፣ የበልጉ ዝናብ ቆሞ ክረምቱ ሳይገባ፣ ጨረቃም በሌለችበት ሌሊት። በግንቦት መጀመሪያ ሳምንት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ዞረው ይቁሙ። ከአናትዎ ትንሽ ዝቅ ብላ የምትታየው ነጭ ደማቅ ኮከብ የሰንቡላዋ ስፓይካ ናት። እጅዎን ወደፊት ዘርግተው ጡጫዎን ሲጨብጡ ጡጫዎ 10 ዲግሪ ያህል ሰማይ ይሸፍናል፤ ከስፓይካ ሁለት ጡጫ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቀጥታ ወደ ታች ይውረዱ። የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ኮከቦች ከዚያ ብዙ ዝቅ ብለው፣ ወደ ቀኝ አዘንብለው ከታዩዎት ቦታውን አልሳቱም። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት ከኩታበር በላይ ባለ ሸንተረር ላይ ሆኜ ሲሆን፣ ባይኖኩላሩ እንዳይንቀጠቀጥብኝ ክርኔን ድንጋይ ላይ አስደግፌ ሩብ ሰዓት ያህል ፈልጌያለሁ። ያየሁት ፎቶግራፉን አይደለም፤ መስታወት ላይ እፍ ሲሉበት የሚቀር እንፋሎት የመሰለች ትንሽ ክብ ጭጋግ ናት፣ መሃሏ በጥቂቱ የደመቀ። ቀጥታ ሲያዩዋት ትሰወራለች፤ ዓይንዎን ትንሽ ወደ ጎን ዘወር አድርገው በዓይንዎ ዳር ሲያዩዋት ትመለሳለች፤ የዓይናችን ዳር ለደካማ ብርሃን ከመሃሉ ይልቅ ንቁ ነውና። ከመውጣትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል መብራትም ሆነ የስልክ ብርሃን ባያዩ ይመረጣል።

ስለ ፍኖተ ሐሊብ ላነሡት፣ አዎን፣ የእኛም ጋላክሲ ባለ ዘንግ ነው። ውስጡ ስለምንኖር ከውጭ ሆነን ልናየው አንችልም፤ ሆኖም አቧራን ዘልቆ የሚያይ የሙቀት ጨረር በሚጠቀመው ስፒትዘር በተባለ የጠፈር ቴሌስኮፕ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው ጥናት ዘንጉ መኖሩን አጽንቶታል። የጋላክሲያችን መሃል የሚገኘው ከ12ቱ አንዱ በሆነው፣ ፈረንጆች ሳጂታሪየስ በሚሉት በቀውስ አቅጣጫ ነው። ሰማዩን በደንብ ስለሚያውቁት አንድ ነገር ልጨምርልዎ፦ የጋላክሲያችን መሃልና ሜሲዬ 83 ከሰማይ ወገብ ወደ ደቡብ ያላቸው ርቀት ሊተካከል ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ በዚያው ሌሊት ሜሲዬ 83ን ካዩ በኋላ ወደ ቤት ሳይገቡ ጋቢዎን ደርበው ቢቆዩ፣ ዐቅራብ ካለፈ በኋላ፣ ከ4 ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ የፍኖተ ሐሊብ መሃል ጋላክሲውን ባዩበት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ከፍታ ላይ ይደርሳል። ባይኖኩላሩን ከድንጋዩ ላይ ሳያነሡ ይጠብቁት።